እናቴ ራስጌ ያለው ሶኬት

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። የዛሬ ውሎ በአጭሩ ይኸው ነው።

ከትምህርት ቤት ስገባ ሦስት ሴቶች የእናቴን አልጋ ከበው ተቀምጠዋል። አራተኛዋ ኡም ጊያስ፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ በር ላይ ጫማዋን ታወልቃለች። "ሐጃ እንዴት ዋለች ብዬ ነው።" በአንድ እጇ የብስኩት ሰሃን፣ በሌላው ሁለት ስልክ ከነገመዳቸው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። የስልክም ነው ለካ።

ባትሪውንና ከባትሪው መብራት የሚያወጣውን ኢንቨርተር ያስገባነው ለእናቴ የኦክስጅን ማሽን ብለን ነበር። በዚህ ሕንፃ መብራት የማይጠፋበት አንድ ሶኬት ቢኖር እሷ ራስጌ ያለው ነው። ሰፈሩ ይህን ከሰማ ወዲህ ጠያቂ በጠያቂ ሆነናል። ጤነኛ በነበረችበት ጊዜ ማን ደጇን ረግጦ ያውቃል? ሳንባዋ ሲደክም ተወዳጅ ሆነች።

እሷም አትታለልም። ሴቶቹ ሲወጡ በእጇ ጠራችኝ። ሁለት ሦስት ቃል ትናገራለች፣ ታርፋለች፣ ትቀጥላለች።

"ውዳድ… ዛሬስ… ስንት ፐርሰንት ሆንኩ?"

"ሰማንያ አካባቢ፣ እማ።"

"ነገ… ይሞላል።"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

የልብ ሐኪሙ ለባሌ "ወይ ሲጋራህን ወይ ልብህን ምረጥ" ብሎት ነበር። ሀይሰም መምረጥ አይወድም። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ገዛ። አሁን ቤቱ ሐብሐብና ናና ይሸታል። ቀኑን ሙሉ ሰው መኪና ያስተምራል፣ ሲገባ ያንን ነገር አፉ ላይ ሰክቶ ሶፋው ላይ ይዘረጋል። እናቴ "ጡጦው" ትለዋለች። "የሀይሰም ጡጦ አለቀ?"

ጡጦው ደግሞ ቻርጅ ይፈልጋል። የት? አዎ፣ እዚያው። እናቴ ራስጌ።

"ኦክስጅን ባለበት ክፍል?" አልኩት።

"አላጨስበትም እኮ፣ እሰካዋለሁ፣ እወጣለሁ። እሳት የለውም።"

እሳት የለውም! ባትሪ ምን እንደሆነ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ስነግራቸው ይገባቸዋል። እሱ ሰባተኛን እንዴት እንዳለፈ እግዜር ይወቅ።

"ወጥ ቤት ስካው።" ወጥ ቤት ያለው የጄኔሬተር መብራት ነው። ማንቆርቆሪያው ሲበራ ብሬከሩ ይጥላል፤ ጡጦው ሳይሞላ ያድራል፤ እኩለ ቀን ላይ መኪና ውስጥ ይሞትበታል። "ያኔ እንግዲህ… ኪዮስኩ እዚያው ነው" ይለኛል፣ እንደ ሕፃን ዓይኑን እያንከባለለ። ባለፈው ሳምንት ኪሱ ውስጥ ላይተር አግኝቻለሁ። "የተማሪ ነው" አለኝ። መኪና የሚማር ሰው ላይተሩን ለአስተማሪው ያስረክባል፣ እንዴ፣ ደንብ ነው!

እሺ አልኩ። ምን ላድርግ? ልቡም የኔ ነው፣ ሳንባዋም የኔ ነው። ግን ደህና ቻርጀር እኔ ራሴ መርጬ ነው፣ አልኩት። "ምረጪ" አለ። ቸርነቱ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

መምረጥ አላስፈለገኝም። ወንድሜ መረጠልኝ።

ራጊብ በአሮጌው ገበያ በኩል የስልክ ዕቃ ይሸጣል። በወር አንዴ ይመጣል። ያን ቀን እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ሻሿን ትቀያይራለች። መጣ፣ ግንባሯን ሳመ፣ ተቀመጠ፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሶኬቱ ላይ በሰካነው ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ላይ የተንጠለጠለውን የጎረቤት ገመድ ሁሉ አየና ሳቀ። ወርዶ ከመኪናው አንድ ሣጥን ይዞ ወጣ። ጥቁር፣ ዳር ዳሩ ወርቅማ። የሙሽራ ጌጥ ነው የሚመስለው።

"መቶ ሃያ ዋት። ስልክ በሉ፣ ላፕቶፕ በሉ፣ የሀይሰምን ፒፓ በሉ፣ ሁሉንም በአንድ ፊት ይሞላል። መብራት ዓይኗን አሳይታ በምትሄድበት ሀገር ቀስ ብሎ የሚሞላ ቻርጀር ማንን ያዋጣል?"

የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በዚች በሲዶና ይሄ ሃይማኖት ነው። መብራት ሳትሄድ ቶሎ! ትልቁ፣ ፈጣኑ፣ ጉልበተኛው! ውሃ እንደመቅዳት ነው የሚያስቡት፣ ቧንቧው በሰፋ ቁጥር ባልዲው ቶሎ ይሞላል። ባልዲው ቢፈነዳስ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ የጡጦውን ወረቀት አመጣሁ። አምስት ቮልት፣ አንድ አምፔር ይላል። በፈጣን ቻርጀር አይሞላ ይላል። ሰው ሳይኖር አይሰካ ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

"ውዳድ" አለ ራጊብ፣ "ያንን ወረቀት የጻፉት መብራት የማይሄድባቸው ሰዎች ናቸው።"

ተሳቀ። ከሁሉ የበለጠ የሳቀው ባለቤቴ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ወረቀቴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

"የልጄ ነው" አለች እናቴ። "ስኩት።"

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ጠዋት የራጊብን ባለ ወርቅ ቻርጀር መረመርኩት። እንደ ባዶ የክብሪት ቀፎ ቀላል ነው። ስነቀንቀው ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። የሠራው ድርጅት ስም የለበትም፣ የፍተሻ ምልክት የለበትም። ያለው "ሱፐር" ብቻ ነው። ስልክ ሰክቼበት ግማሽ ሰዓት ቆየሁና ነካሁት… ከድስት የወጣ እንቁላል።

ደህና ቻርጀር፣ ጉልበተኛም ቢሆን፣ የተሰካበት ዕቃ ካልጠየቀው ከአምስት ቮልት በላይ አይሰጥም። የውሸቱ ሳይጠየቅ ይሰጣል። እንደ ወንድሜ ምክር።

ከዚያ መሳቢያ ስቆፍር የዱሮ ስልኬን ቻርጀር አገኘሁ። አምስት ቮልት፣ አንድ አምፔር። የሠሪው ስም ከነማኅተሙ። ክብድ ያለ፣ ቀርፋፋ፣ ሐቀኛ። እንዲህ ያለ ባል ነበር የምፈልገው።

ጡጦውን በእሱ ሰክቼ የወለሉ ሴራሚክ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከብርድ ልብስም ከመጋረጃም አርቄ። ቆይቼ ዳሰስኩት። ለብ ብሏል፣ በቃ። ተገኘ! ነፃ፣ እቤት ውስጥ!

"ሁለት ሰዓት ይፈጃል!" አለ ሀይሰም።

"የት ልትሄድ ነው?"

አሰበ። የሚሄድበት የለም።

ግን የራጊብን ምን እናድርገው? መመለስ? በዚህ ከተማ ስጦታ አይመለስም። አይጣልም። ሰጪው ሲመጣ ይወጣል፣ ሲሄድ ይገባል። የሀይሰም እኅት የሰጠችን የሸክላ ዝይ ዓመቱን ሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ትኖርና፣ እሷ ደረጃውን መውጣት ስትጀምር ሳሎን ትገኛለች። እንግዲህ ባለ ወርቁም እንደ ዝይዋ ነው። ከሀይሰም ጋር ተስማማን። ራጊብ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፣ ምን ችግር አለው?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

መጣ! በአራተኛው ቀን! "በዚህ ሳልፍ" ነው የሚለው። ሱቁ በዚያ፣ ቤቱ በዚያ፣ እኛ በዚህ… በየት በኩል ነው የሚያልፈው?

ክላክሱን ከሁላችን ቀድማ የሰማችው እናቴ ናት። በምርኩዟ ግድግዳውን ደበደበች። "ዝይዋን… አውጡ!" ሀይሰም በካልሲ ሮጠ፣ እኔ የኔን ቻርጀር ነቅዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ባለ ወርቁ ተሰካ። ራጊብ ገብቶ የእናቱን ግንባር ከመሳሙ በፊት እጁን ቻርጀሩ ላይ ጣል አደረገ።

"ሞቅ ብሏል። ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።"

አሁን የተሰካ ነገር እንዴት ሞቀ? ኢንቨርተሩ ላይ ተደግፎ ስለነበር ነው መሰለኝ። አልተናገርኩም። እኔ ጋም የሚሞቅ ነበረኝ፣ ደረቴ ላይ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ሐሙስም መጣ። ዛሬም መጣ። ዛሬ አብሮት ደንበኛ ይዞ ነው። "ተመልከት፣ እናቴ ራስጌ ነው የሰካሁት። መጥፎ ቢሆን እናቴ ራስጌ እሰካለሁ?" ሰውየው ሐጃን ከነቱቦዋ አየ፣ አሳመነችው። እናቴን ማስታወቂያ አደረጋት።

እሷ ግን… ሾርባዋን ጨረሰች። ሰማያዊ ሻሽ አሰረች። ራጊብ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የገበያ ወሬ ነገራት፣ ሳቅ እንኳ ሞከራት፣ ሳል ሆኖ ወጣ።

ከሄደ በኋላ ባለ ወርቁን ልነቅል ስጎነበስ እጄን በምርኩዟ መታ አደረገችው።

"ተይው… ተመልሶ… ቢመጣስ?"

"እማ፣ ይሞቃል። አደገኛ ነው።"

"ይሙቅ… ብርድ ነው።"

"ልጅሽን ነው የምትወጂው ወይስ ቻርጀሩን?"

 ትንፋሿን ሰበሰበች።

"በወር አንዴ ነበር… አሁን… በሳምንት ሦስቴ። ንቀይው… እንግዲህ።"

 ለምን ቶሎ አልገባኝም? ልጇ እሷን ሊጠይቅ ጊዜ የለውም፣ ዕቃውን ሊጠይቅ አለው። እሷ ደግሞ በዕቃው በኩል የሚደርሳትን ትለቅማለች።  ነቀልኩት ግን። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ራጊብ ደውሎ "እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ" ብሏታል። እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። ሀይሰምን "የልጄን ስካልኝ" አለችው። አማቱ ናት፣ ለምናው አታውቅም፣ ሰካላት። ባዶውን ከሚሰካ ብሎ ጡጦውንም አንጠለጠለበት። ከዚያ ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ። ዳቦ ቤቱ ጋ ወሬ ያዘው። ባለ ወርቁን ከነማከፋፈያው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ተወው።

ራጊብ አልመጣም። ደንበኛ ያዘው።

ከዚያ ማሽተት ጀመረ፣ አለች። ጡጦው አበጠ፣ ጢስ ተፋ፣ ቻርጀሩ ቀለጠ፣ የብርድ ልብሱ ጫፍ ያዘ። እግሯ አይሄድም። እናቴ ምን አደረገች? መጀመሪያ የኦክስጅን ቱቦውን ከአፍንጫዋ መንጭቃ ጣለች። በምርኩዟ ጫፍ ማሽኑን አጠፋች። በቆልማማው እጀታ ማከፋፈያውን ከግድግዳ ጎትታ ነቀለች። የሚነደውን ጫፍ በእጇ አጥፋ በትራሱ አፈነችው። ከዚያ ግድግዳውን ደበደበች። ኡም ጊያስ በባዶ እግሯ ወርዳ ስትደርስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር አለችኝ። ቤቱ ጢስ፣ እሷ ያለ ኦክስጅን… ሁለት ጣቷ ተልጧል። ከራስጌዋ በላይ ግድግዳው ጠቁሯል።

ሐኪሙ መጥቶ ሄደ። ትተርፋለች አለ። ይኸው ትተነፍሳለች። ማሽኑ ያቃስታል። ይህን ድምፅ ስንቴ ሰድቤው ነበር?

ዋናው ገና ነው። ሁሉም ተሰበሰበ፤ ሀይሰም ዳቦውን አቅፎ፣ ኡም ጊያስ፣ ሌሎቹ ሴቶች፣ በመጨረሻም ራጊብ እየሮጠ። "ምንድን ነው? ከምን ተነሳ?" እናቴ አንዳችንንም ሳታይ፣

"እኔ ነኝ" አለች። "ጡጦውን… አጨስኩት። አንድ ጊዜ… ሳብኩ። ፈነዳ።"

 ከዚያ ራጊብ ጀመረ። "በዚህ ዕድሜሽ? ሐጅ አድርገሽ መጥተሽ? ኦክስጅን አፍንጫሽ ላይ አድርገሽ? ልትገድዪን ነው? ሰው ምን ይላል?" ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። እናቴ ስትኮርጅ እንደተያዘች ተማሪ አንገቷን ደፍታ ትሰማዋለች።

ባለ ወርቁ፣ የቀረው፣ የሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር። ከማከፋፈያው ላይ ፍቄ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እንግዳ ፊት ምንም እንዳትይ ማለት ነው። ኪሴን በመዳፌ ሸፈንኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ወሬው ዓሣ ገበያ ደርሷል። ሐጃ ሱብሒያ ታጨሳለች! ባለመድኃኒት ቤቱ ዛሬ "እናትሽ ከመቼ ወዲህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ከሰባ ስምንት ዓመቷ ወዲህ፣ አልኩት፣ ቀድማ አልጀመረችም፣ ታጋሽ ናት።

ማከፋፈያውን አንስቼዋለሁ። እናቴ ራስጌ የሚሰካው ማሽኑ ብቻ ነው። ጠያቂ? የለም። ሁሉም በአንድ ቀን ሥራ በዛበት። ኡም ጊያስ ብቻ መጣች፣ ያለ ስልክ። ጣቷን ቅባት ቀባችላት። ያለ ኃጢአቷ ጠርጥሬአት ኖሯል።

ሀይሰም ከትናንት ወዲህ አንድ ነገር ነው የሚለው። "የሰካሁት እኔ ነኝ።" እራት ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር፤ ዛሬ አልሳቅኩበትም።

ብቻችንን ስንሆን እናቴን ጠየቅኋት። "ለምን እንዲህ አልሽ?"

"ሱቁ… እንጀራው ነው። ያቃጥላል… ከተባለ… ማን ይገዛዋል?"

"የአንቺስ ስም?"

"አሮጊት ነኝ… ስሜ ቢጠፋ… ስንት ቀን ይጠፋል?"

"ነገ የሌላ ሰው ቤት ቢያቃጥልስ፣ እማ?"

ዓይኗን ጨፈነች። ደክሟት ነው ወይስ ሸሽታኝ ነው?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ራጊብ ሱቅ ሄድኩ። አልናገርም ብዬ ነው የሄድኩት። ዕቃውን አንስቶት እንደሆነ ለማየት ብቻ፣ አልኩ ለራሴ። ራሴም አላመነችኝም።

መስኮቱ ላይ ባለ ወርቁ ሣጥን በሣጥን ተደርድሮ ተራራ ሠርቷል። ባንኮው ጋ አንድ ሰውዬ፣ የሠራተኛ ልብስ የለበሰ። "ለልጆቹ ክፍል ነው" ይላል፣ "አንድ ሶኬት ነው ያላቸው፣ ሁለቱም ታብሌት ሲሰኩ ይጣላሉ።" ራጊብ "ይሄ ያስታርቃቸዋል" አለው።

ሳላስበው እጄን ኪሴ ከተትኩ። የቀለጠውን ባንኮው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄም እንዲሁ ነበር" አልኩ ለሰውየው። "ወርቁ ሳይረግፍ።"

ሰውየው አንዴ እሱን፣ አንዴ ሣጥኑን አየ። ሣጥኑን በቀስታ መልሶ አስቀመጠ። "ሌላ ቀን" ብሎ ወጣ።

"ደንበኛዬን አባረርሽ!"

"አባረርኩ።"

"እማ ራሷ አጨስኩ አለች እኮ። ጆሮሽ የት ነበር?"

"ራጊብ፣ ሦስት ቃል ተናግራ የምታርፍ ሴት ናት። ያንን ነገር የምትስብበት ትንፋሽ ቢኖራት ማሽኑን ምን አስገዛን?"

ቀላ። "ሁልጊዜም እንዲሁ ነሽ። ለልጆች ታስተምሪያለሽና የምታውቂው አንቺ ብቻ። ስጦታዬን ከመጀመሪያውም ናቅሽው። እናቴ የሰጠኋትን ትወድ ነበር፤ አንቺ ቀናሽ።"

"ቀናሁ? በቻርጀር?"

"ውጪልኝ ከሱቄ።"

ወጣሁ። የቀለጠውን እዚያው ተውኩለት። በሩ ላይ ሆኜ "አንተን ልታድን ነው የዋሸችው" ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። ባሕሩ ዳር እስክደርስ በመንገድ ላይ አለቀስኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የተማሪ ወላጅ ሰላም እያለኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

አልመጣም። ስልክም የለም።

ጠዋት ሰማያዊ ሻሽ። ከሰዓት ነጭ። መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቷ ቀና ይላል። ሾርባዋን አልነካችም።

"ምን… አልሽው?"

"እውነቱን።"

"እሰይ።" አረፈች። "እንግዲህ… እውነትሽ… መጥቶ ይጠይቀኝ… በልጄ ፈንታ።"

በነገር ስትወጋ ከእኔ ትብሳለች፣ ይህችን ነገር ከእሷ ነው የወረስኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ለዓይኔ ምክንያት እንዲሆነው።

ልክ ነኝ። ልክ መሆኔ ግን ምን ፈየደላት? ሕይወቷን የሚያሰጋውን ነቀልኩ፣ የምትኖርለትንም አብሬ ነቀልኩ። ሁለቱ በአንድ ገመድ ነበሩ እንዴ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ሀይሰም አዲስ ጡጦ ገዛ። በአሮጌው ቻርጀሬ፣ ወጥ ቤት፣ ሴራሚኩ ላይ ይሰካዋል። እስኪሞላ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፣ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ። ማንቆርቆሪያ አይፈቀድም። ሻይ ከጠየቅሁ "ቆይ፣ እየሞላ ነው" ይለኛል። ወጥ ቤቴን ተነጠቅኩ። ላይተር ግን ፈትሼ አጣሁ።

ራጊብ… የለም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

መጣ።

ክላክስ የለ፣ ምን የለ። በሩን ስከፍት ቆሟል። ፂሙን አልተላጨም። እጁን አየሁ፣ ሣጥን የለም፣ ፌስታል የለም። አላየኝም፣ አልፎኝ ገባ። እኔም ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

እናቴ ቀና ለማለት ሞከረች፣ ሻሿን ዳበሰች፤ የቤት ሻሿ ነበር፣ የሻይ ጠብታ ያለበት። ዛሬ አልጠበቀችውም ነበር።

"ምን… አመጣህ?"

"ምንም፣ እማ።"

ተቀመጠ። ከራስጌዋ በላይ የጠቆረውን ግድግዳ አየ። ገና አልቀባነውም። የታሸጉትን ጣቶቿን አየ። 

"እማ፣ እውነት አጨስሽው?"

"አጨስኩት።"

"ምን ምን ይላል?"

አሰበች። "ሐብሐብ።"

ሳቅ የመሰለ ነገር አፈነው። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ከአፏ ፊት አደረገ፣ በጣም አስጠግቶ።

"እንደሳብሽው አድርገሽ አውጪልኝ እስቲ። እጄ ላይ እፍ በይ።"

እኔ ተይ ልላት ነበር።  እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዎቿ ወደ ላይ ወጡ፣ ያላትን ሁሉ ሰበሰበች፣ ከንፈሯን አሾለች። እፍ አለች።

ምንም። ከአፏ ጥግ የተንጠለጠለች የሻሿ ክር እንኳ አልተነቃነቀችም። የራጊብ እጅ ግን እዚያው ቆየ። ትንሽ ተጨማሪ ቢጠብቅ የሚደርሰው ይመስል ጣቶቹን ዘርግቶ። ፊቱን አየሁት። አባታችንን የቀበርን ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም።

"ተሰማህ?" አለች፣ ዓይኗን ሳትከፍት።

"ተሰማኝ፣ እማ።" ድምፁ ሻክሯል። "አቤት ትንፋሽ። እጄን ልትወስጂው ነበር።"

"ነገርኩህ… እኮ።" ትራሷ ላይ ተመለሰች፣ ደስ ብሏት።

እሱ ተነስቶ ኮሪደር ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ክንዴን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ይቅርታ ማለቱ ነበር? ከእሱ ዘንድ ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ወጥ ቤት ገባሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጆሮዬን ምን ላድርገው? ሱቅ ላለው ሠራተኛ ደወለ።

"ባለ ወርቁን ሁሉንም አውርድ። ከመስኮቱም ከመጋዘኑም… ቅናሽ አይደለም… ለሌላ ሱቅም አንሰጥም። የገዙት ሰዎች ስልክ አለህ አይደል? ደውል፣ ነቅለው ያምጡት፣ ገንዘባቸውን መልስ… እናቴን አቃጥሏታል በላቸው። አዎ፣ እንደዛው በል… አይ፣ እሷ አላጨሰችም።"

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። ከዚያ ተመልሶ ገባና ወንበሩን ወደ አልጋዋ አስጠጋ።